ከመነጽሩ በኋላ

ደሞዝ የሚከፈለኝ ስለምደባደብ ነው። ጠዋት ገብቼ ካፖርቴን እሰቅላለሁ፣ ወንበሬን እስባለሁ፣ ጆይስቲኬን አንስቼ እስከ ምሳ ሰዓት ሰው ስጥል እቆያለሁ። ከምሳ በኋላ ደግሞ እኔ በተራዬ ስወድቅ እውላለሁ። የጠብ ጌም ፈታኝ ነኝ። ጌሙ ገበያ ሳይወጣ በፊት የት ጋ እንደሚበላሽ፣ የቱ ተዋጊ እንደሚያጭበረብር፣ የቱ ደግሞ ሲዘል ግድግዳ ውስጥ ተሰንቅሮ እንደሚቀር ፈልጌ የማገኘው እኔ ነኝ። እናቴ ግን ለጠየቃት ሁሉ «ኮምፒውተር ቤት ነው የምትሠራው» ነው የምትለው። ይህን የምታህል ሴት ቀኑን ሙሉ ስትጫወት ትውላለች ብሎ ለጎረቤት መናገር ቀላል እንዳልሆነ ይገባኛል።

በዚያ ሰሞን የያዝነው ጌም «የነጎድጓድ ሰፈር» ከሚባል አኒሜ የተሠራ ነበር። አኒሜ ምን እንደሆነ ለማያውቅ፣ ዓይናቸው የገዘፈ፣ ጸጉራቸው የሾለ፣ አንዲት ቡጢ ለመሰንዘር ግማሽ ሰዓት የሚያወሩ ሰዎች ያሉበት ካርቱን ነው። አድናቂዎቹ እንዲህ ስል ቢሰሙኝ በቁሜ ይቀብሩኛል። እኔም ብሆን ልጅ ሳለሁ ከወንድሜ ጋር ወለል ላይ ተቀምጠን፣ አፋችንን ከፍተን ነበር የምናየው።

ክፍላችን ውስጥ አንድ ነጭ ሰሌዳ አለ። መሃሉ ላይ ከላይ እስከ ታች መስመር ተሰምሮበታል። በቀኝ በኩል «እሰይ»፣ በግራ በኩል «ወይኔ» ይላል። ጌሙ ውስጥ ያየነውን ጥሩ ነገር ከእሰይ ሥር፣ መጥፎውን ከወይኔ ሥር እንጽፋለን። እሰይ ሥር ብዙ ነገር ነበር። ሥዕሉ ልክ እንደ ካርቱኑ ነው፤ ቀለሙ፣ የልብሱ እጥፋት፣ ሰው ሲመታ ከኋላው የሚሰነጠቀው ሰማይ ሳይቀር። ደግሞም አንዲት ቁልፍ አለች፤ ምንም የማያውቅ ሰው እሷን ብቻ ደጋግሞ ቢቀጠቅጥ ተዋጊው ራሱ አስውቦ ይደባደብለታል። ወይኔ ሥርም ያችው ቁልፍ ተጽፋለች፤ ለፍቶ የተማረውንና ትናንት የጀመረውን እኩል አድርጋቸዋለችና። ታሪኩ ወሬ ይበዛበታል። ኔትወርክ ሲደክም ዛሬ የተሰነዘረ ቡጢ ነገ ነው የሚደርሰው። ሦስት ወርቃማ ጸጉር ያላቸው ጎረምሶች ደግሞ አሉ፤ ጸጉራቸውን ብትላጯቸው የወለደቻቸው እናት አትለያቸውም።

እኔ ስጽፍ አልራራም። በዚህ የተነሳ ክፍሉ ውስጥ «ምላጭ» ነው የሚሉኝ። ስሙን አልጠላሁትም፤ እንዲያውም ትንሽ እኮራበታለሁ መሰለኝ። እማማ ጃንጥላ የምትባለዋን ተዋጊ በተመለከተም ከወይኔ ሥር እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «መነጽሯን ጠርጋ እስክትጨርስ ጠላቷ ሻይ ጠጥቶ ይመለሳል።» ክፍሉ በሳቅ ተንጫጫ።

እማማ ጃንጥላ በካርቱኑ ውስጥ መንገድ ዳር ተቀምጣ ጃንጥላ የምትጠግን አሮጊት ናት። ብዙ አትናገርም። ስትቆጣ ግን ዓይኗን ትጨፍናለች፤ ያን ጊዜ ሥዕሉ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ነፋስ ብቻ ይሰማል። ቀጥሎ የምናየው መሬት ላይ የተዘረረውን ሰው ነው። ምን አድርጋ እንደጣለችው ካርቱኑ አሳይቶ አያውቅም። ጌም ላይ ግን እንዲህ ዘሎ ማለፍ የለም፤ እያንዳንዷ እንቅስቃሴ መሠራት አለባት። ስለዚህ አሮጊቷን ያንቀሳቀሰው ሰው መሃሉን ከራሱ አምጥቶ መሙላት ነበረበት። ዓይኗን ትጨፍናለች፣ መነጽሯን ታወልቃለች፣ ትጠርገዋለች፣ ከዚያ በኋላ ነው የምትመታው። በጠብ መሃል! ለጠብ ጌም ይህ ራስን አሳልፎ መስጠት ነው።

አሮጊቷን ያንቀሳቀሰው ሰው ታላቅ ወንድሜ ነው። ከኛ ክፍል በላይ ባለው ፎቅ፣ ተዋጊዎቹን የሚያንቀሳቅሱት ሰዎች ክፍል ውስጥ ይሠራል። ዓመት ሙሉ የደከመው በእሷ ነው። ይህን እያወቅኩ ነው የጻፍኩት፤ ሥራ ሥራ ነው፣ ዘመድ አላውቅም ብዬ። በማግስቱ አለቃችን መጣ። እሱን ደግሞ «መቀስ» ነው የምንለው፤ ያየውን ሁሉ ካልቆረጠ አይሆንለትም፤ ስሙን ሰምቶታል፣ ቅርም አላለው። የሁለቱንም ፎቅ ሰው ሰብስቦ፣ ጌሙ ለማሽኑ ከብዷል፣ ከተዋጊዎቹ አንዱ ይወጣል፣ አርብ እንወስናለን አለ። ከዚያ ወደ ሰሌዳው ዞረና የኔን ጽሑፍ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው።

«ለኔ ነገሩ ያለቀ ነው» አለ። «ሻይ የሚያስጠጣ ተዋጊ አንፈልግም።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ወንድሜ በሩ አጠገብ ቆሞ ነበር። አልሳቀም፣ አልተቆጣምም፤ እኔን አየት አድርጎ ወደ ላይ ወጣ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም የሚሉት እውነታቸውን ነው።

የምንኖረው ከእናታችን ጋር ነው። እማዬ ልብስ ሰፊ ናት። የስፌት መኪናዋ ሳሎኑ ውስጥ፣ መስኮቱ ሥር ተቀምጧል፤ ሶፋው ላይ ሁልጊዜ የሰው ሱሪ አይጠፋም፤ የምንቀመጠው መርፌ እንዳይወጋን መጀመሪያ በእጃችን ዳብሰን ነው። የዚያን ዕለት እራት ስንበላ ወንድሜ ቃል አልተነፈሰም። እማዬ አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን ታያለች።

«ምን ሆናችሁ ነው? ኩርፊያ ነው?»

«ምንም» አልን ሁለታችንም፣ እኩል።

«ምንም እንዲህ አፍ አይዘጋም» አለችና ሳህኖቹን ሰብስባ ወደ ኩሽና ገባች።

ከወንድሜ ጋር ብቻችንን ቀረን። ላባብለው ስፈልግ ብቻ የማወጣው መጠሪያ አለ። «ወንድም ጋሼ» አልኩት።

«እእ።»

«እኔ እንድትወጣ ብዬ አይደለም የጻፍኩት። ግን ደግሞ ውሸትም አልጻፍኩም። ትቆማለች፣ ትመታለች፣ ትወድቃለች። ምን ልበል?»

«ጨርሰሽ አይተሻታል?» አለኝ።

«ምን ማለትህ ነው? ቁጥር እስኪጠፋብኝ ድረስ ጥያታለሁ እኮ!»

«ጥለሻታል ወይ አላልኩም። ጨርሰሽ አይተሻታል ወይ ነው ያልኩት።»

«እሺ፣ ከመነጽሩ በኋላ ምን ታደርጋለች? ንገረኛ!»

«ሙያ በልብ ነው» አለና ተነስቶ ወደ ክፍሉ ሄደ።

ደሜ ፈላ። እኔን! ጌሙን እንደ መዳፌ የማውቀዋን! ግን ተኝቼ ሳስበው አንድ ነገር ከነከነኝ። በእርግጥ ከመነጽሩ በኋላ ምን ታደርጋለች? የጨፈነ ዓይኗን አይቻለሁ። መነጽሯን አውልቃ መጥረግ ስትጀምር አይቻለሁ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ባስታውስ ባስታውስ አልመጣ አለኝ። የማላውቀው ነገር ሲኖር እንቅልፍ አይወስደኝም፤ ይህ አመሌ ነው።

በማግስቱ ምሳ ሰዓት ላይ ባለጣቱን ጠየቅኩት። ባለጣቱ ከኔ ጎን የሚቀመጥ ፈታኝ ነው፤ ጣቶቹ ከሐሳቡ ይቀድማሉ፣ ስሙንም ያገኘው ከዚያ ነው።

«እማማ ጃንጥላ መነጽሯን ከጠረገች በኋላ ምን ታደርጋለች?»

ማኘኩን አቆመ። «ትመታ ይሆናላ።»

«በምን? በጃንጥላው? በእግሯ?»

«ማን ያውቃል? እዚያ ሳትደርስ እኮ ወድቃለች።»

ሌሎቹንም ጠየቅኩ። አንዱ በጃንጥላው ነው አለ፣ አንዷ ነፋስ ታስነሳለች አለች፤ አየሽ ወይ ስላት «አይ፣ መስሎኝ ነው» አለች። ጉድ ነው! ክፍሉ ሙሉ ሰው ይህን ጌም ከጠዋት እስከ ማታ ሲጫወት ከርሞ፣ የአንዲት አሮጊት ምት እስከ መጨረሻው ያየ አንድም ሰው የለም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በጣም ጎበዞች ስለሆንን ነው። ዓይኗን ስትጨፍን ጣታችን ቁልፉ ላይ ነው። በዚያ ላይ እኛ ፈታኞች ስንሠራ አብዛኛውን ጊዜ ሥዕሉን እናጠፋዋለን፤ ያምራል፣ ልብ ይሰርቃል። በምትኩ ሳጥኖች ብቻ ናቸው የሚታዩን፤ ቀዩ ሳጥን የሚመታው እጅ ነው፣ አረንጓዴው ምት የሚያርፍበት ገላ። ለኛ እማማ ጃንጥላ ማለት ሳትንቀሳቀስ የምትቆም አረንጓዴ ሳጥን ናት። የቆመ ሳጥን ደግሞ ይመታል።

«ና ተቀመጥ» አልኩት ባለጣቱን። «ሥዕሉን አብራው። እኔ እሷን እይዛለሁ፤ አንተ ምንም አታድርግ።»

«ምንም?»

«ምንም። ዝም ብለህ ተመታ።»

ጀመርን። አሮጊቷ ዓይኗን ጨፈነች። ቋ! ባለጣቱ መታት፣ ወደቀች።

«አትንካት አልኩህ እኮ!»

«ወላሂ እኔ አይደለሁም፣ ጣቴ ነው።»

ደገምን። መታት። ሠለስን። መታት። በመጨረሻ ጆይስቲኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ በሁለት እጆቹ ላይ ተቀመጠባቸው። ያኔ ነው ያየናት።

እማማ ጃንጥላ ጃንጥላዋን ክንዷ ላይ አንጠለጠለች። ዓይኗን ጨፈነች፤ ትከሻዋ በረጅሙ ትንፋሽ ከፍ ብሎ ወረደ። መነጽሯን አወለቀች። ሃ! ብላ ተነፈሰችበት። በሻርፗ ጫፍ መጀመሪያ አንዱን፣ ቀጥሎ ሌላውን መስታወት ጠረገች፣ ወደ ብርሃን አንስታ አየችው፣ መልሳ አደረገችው። ከዚያ ዓይኗን ገለጠችና ጠላቷን አየችው። ቡጢ የለም፣ ነፋስ የለም፣ ጃንጥላም የለም። ጠጋ ብላ በጣቷ አንጓ ግንባሩ ላይ አንድ ኩርኩም አቀመሰችው። ባለጣቱ የያዘው ጎረምሳ ግንድ ሆኖ ተዘረረ፣ ምድሩ ተሰነጠቀ፣ ከዛፎቹ ላይ ወፍ ተነሳ። እዚህ ላይ ያበቃል ብዬ ጠበቅኩ። አላበቃም። አሮጊቷ ወገቧን በእጇ ደግፋ ጎንበስ አለች፣ የወደቀውን ልጅ ኮሌታ አቃናች፣ የላይኛዋን ቁልፍ ቆለፈችለት፣ ትከሻውን ከአቧራ አራገፈች፣ ከዚያ ወደ ቦታዋ ተመለሰች።

«እንዴ!» አለ ባለጣቱ። «ቆለፈችለት?»

ሴትዮዋ እናቴ ናት።

ልጆች ሳለን ስናጠፋ፣ የደንበኛ ጨርቅ ላይ ቀለም ስናፈስ ወይም መቀሷን ወስደን ካርቶን ስንቆርጥበት፣ እማዬ ከስፌት መኪናዋ ትነሳና ዓይኗን ትጨፍን ነበር። መነጽሯን ታወልቃለች። ትጠርገዋለች። በሩ ክፍት ነው፣ እግራችን ፈጣን ነው፤ እሷ እስክትጨርስ ሰፈሩን ዞረን መመለስ እንችል ነበር። አንድም ቀን አልሮጥንም። ቆመን እንጠብቃለን። ከዚያ ኩርኩሙ ይመጣል፣ ከኩርኩሙ በኋላ ደግሞ እጇ ወደ አንገታችን ይሄድና ኮሌታችንን ታቃናለች። ልብስ ሰፊ ናት፤ የተጣመመ ኮሌታ አይታ ማለፍ አይሆንላትም። ይህን ሁሉ ረስቼው ነበር። ወንድሜ አልረሳም።

ደረጃውን እየዘለልኩ ወጣሁ። ወንድሜ መስኮቱ አጠገብ ቡናማ ሹራቡን ለብሶ ስክሪኑ ላይ አንድ ጎረምሳ ሲያዘልል አገኘሁት።

«ለምን አልነገርከኝም?»

ገና ሲያየኝ ገባው። «አየሻት?»

«አየኋት። ለምን አልተናገርክም ነው የምልህ! ይህን ብታወራ ማንም አይነካትም ነበር።»

«የተነገረና የታየ አንድ ነው?» አለ። «እናቴ ናት ብዬ ላስለቅሳቸው? ጌም እኮ ነው። ወይ ይሠራል፣ ወይ አይሠራም።»

እውነቱን ነበር። የኔ መነካት ለጌሙ ምንም አይጠቅምም። እናቷ መነጽር የማትጠርግ ተጫዋች ምን ገዷት? ግን አንድ ጥያቄ አንቆ ያዘኝ። «ወንድም ጋሼ፣ ያኔ ለምን አንሮጥም ነበር?»

ሳቅ አለ፤ በሁለት ቀን ውስጥ የመጀመሪያው ሳቁ ነበር። «አንቺን አላውቅም። እኔ ኮሌታውን ፈልጌ ነው የምቆመው።» ከዚያ «አርብ ምን ትያለሽ?» አለኝ።

«ያየሁትን» አልኩት። ከዚያ በላይ ቃል አልገባሁለትም።

እስከ አርብ ድረስ አላረፍኩም። ሌላው ሰው ቆሞ ይጠብቃታል ወይስ አይጠብቃትም? ይህን ማወቅ ነበረብኝ። ጌም ነክተው የማያውቁትን እየለመንኩ አመጣኋቸው። የበሩ ዘበኛ አሮጊቷ ዓይኗን ስትጨፍን ጆይስቲኩን ዝቅ አደረገና «ምን ልትል ነው?» ብሎ ወደ ስክሪኑ ተጠጋ፤ በኩርኩም ተነረተ። የጽዳት ሠራተኛዋ ጠበቀች፣ ተመታች፣ ኮሌታው ሲቆለፍ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀችና «በናትሽ አንዴ ድገሚልኝ» አለች። ሒሳብ ሹማችን ግን ዓይኗን ከመጨፈኗ ነረታት። «ቆማ የምትጠብቀኝን ሴት ምን ልጠብቃት?» አለ። ሁሉም አልጠበቃትም፤ ይህን መደበቅ አልፈለግኩም። የሚጠብቁት ፊቷን የሚያዩት ናቸው። የማይጠብቁት ለማሸነፍ የመጡት ናቸው። የሚገርመው፣ የጠበቃት ሰው ተሸንፎም ከወንበሩ አይነሳም፣ ድገሚልኝ ይላል። ያልጠበቃት አሸንፎ ይሄዳል።

ሐሙስ ከሰዓት ስለ እማማ ጃንጥላ የጻፍኩትን ከሰሌዳው ላይ አጠፋሁ። እስክሪብቶውን ይዤ ቆምኩ። እሰይ ሥር ልጽፋት? ጎበዝ ተጫዋች እንደ ልቡ ይቀጠቅጣታል። ወይኔ ሥር ልመልሳት? ያቺን ኩርኩም ካየሁ በኋላ እጄ እምቢ አለ። በመጨረሻ መሃል መስመሩ ላይ፣ ከግራ ወደ ቀኝ፣ በትልቁ ጻፍኩት፦ «ከመነጽሩ በኋላ ምን ታደርጋለች?»

አርብ ዕለት መቀስ ገና እንደገባ ዓይኑ እዚያ ላይ አረፈ።

«ይሄ ምንድነው? ሰሌዳው ለመልስ ነው፣ ለጥያቄ አይደለም።»

«መልሱን ያጣነው ጥያቄ ነው» አልኩ። «ክፍሉን ሁሉ ጠየቅኩ፤ የሚያውቅ የለም። እርስዎ ያውቁ ይሆናል ብዬ ነው።»

«እኔ ይህን ጌም ከላዩ እስከ ታቹ አውቀዋለሁ።»

«እንግዲያው ምን ታደርጋለች?»

«ትመታለቻ!»

«እንዴት አድርጋ?»

መቀስ ወደ ስክሪኑ ዞረ። ባለጣቱ ሳቁን ለመደበቅ ማሳል ጀመረ። ወንድሜ ከኋላ ወንበር ላይ እጁን አጣምሮ ተቀምጧል።

«አምጪው» አለ መቀስ። ጆይስቲኩን ተቀበለኝ፣ ከወርቃማ ጸጉሮቹ አንዱን መረጠ። እኔ እማማ ጃንጥላን ያዝኩ። ሥዕሉ በርቷል። ጥቂት ቡጢ ከተወራወርን በኋላ አሮጊቷ ዓይኗን ጨፈነች። ቋ! መቀስ መታት። ምን ይደረግ፣ እሱም ዱሮ ፈታኝ ነበር። አሮጊቷ ተዘረረች።

«አየሽ?» አለኝ። «አለቀ። ደካማ ናት።»

«እኔስ አየሁ» አልኩ። «እርስዎ ግን አላዩም። የሚያስወጧት ሴት ምን እንደምታደርግ ሳያዩ ነው የሚያስወጧት።»

አሁን እኔንም አብሮ ይቆርጠኛል ብዬ ነበር። መቀስ ሰሌዳውን አየ፣ ስክሪኑን አየ። ክፉ ሰው አይደለም፤ የማያውቀው ነገር ሲኖር እንደኔው እንቅልፍ የሚነሳው ሰው ነው። ከወንበሩ ጫፍ ወደፊት ተጠጋና «ድገሚ» አለ።

አሮጊቷ ዓይኗን ጨፈነች። የመቀስ አውራ ጣት ቁልፉ ላይ ደረሰ። ጣቱን ነበር የማየው፤ ነጭ እስኪሆን ተወጥሮ ቆመ። አልተጫነም። መነጽሩ ወለቀ። ሃ! አለችበት። አንዱን መስታወት ጠረገች። ሌላውን ጠረገች። ወደ ብርሃን አንስታ አየችው፣ አደረገችው፣ ቀና ብላ ጠላቷን አየችው። ኩርኩሙ አረፈ፣ ምድር ተሰነጠቀ፣ ወፍ ተነሳ። ከዚያ አሮጊቷ ጎንበስ ብላ የወደቀውን ጎረምሳ ኮሌታ አቃናች፣ ቁልፉን ቆለፈች፣ ትከሻውን አራገፈች።

የመቀስ ግራ እጅ ቀስ ብሎ ወደ ራሱ አንገት ሄደ። የሸሚዙ የላይኛ ቁልፍ ክፍት ነበር። ዳበሰውና እጁን አወረደ።

«ማን ነው የሠራት?» አለ።

«እኔ» አለ ወንድሜ ከኋላ።

«ባለሙያ ሁሉ ይደበድባታል።»

«አውቃለሁ።»

«ጠራረጉን እናፍጥነው ብልህስ?»

«ከፈጠነማ መጠበቅ የለም» አለ ወንድሜ። «እንዲህ ከምትሆን ብትወጣ ይሻለኛል።»

መቀስ ተነሳ። «አንዴ ድገሚው፣ ይቺን ኮሌታ በደንብ ላያት» አለኝ። ደገምኩለት። አይቶ ሲጨርስ ጆይስቲኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «ትቆይ። ከነድክመቷ ትቆይ። ከሦስቱ ወርቃማ ጸጉሮች አንዱ ይውጣ። ማን እንደጎደለ የሚያውቅ ሰው ከተገኘ ጥሩኝ።»

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ወንድሜ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ ብል አላጋነንኩም።

ቅዳሜ ቀን ጌሙን ወደ ቤት ይዘነው መጣን። እማዬ የሰው ሱሪ ከሶፋው ላይ አነሳችልንና መሃላችን ተቀመጠች። ስለ ሴትዮዋ ምንም አልነገርናትም፤ አያ ሙያ በልብ ወንድሜ ከልክሎኛል። ጆይስቲኩን ሰጠናት፣ ያችን የጀማሪ ቁልፍ አሳየናት። ወንድሜ እማማ ጃንጥላን ያዘ። እማዬ ገና ስትጀምር ቁልፏን እየቀጠቀጠች የስፌት መኪናዋን የምትረግጥ ነበር የምትመስለው፤ ጎረምሳዋ እሳት እየተፋ ሲገለባበጥ «እኔ ነኝ ይሄን ያደረግኩት?» ትላለች።

አሮጊቷ ዓይኗን ጨፈነች። እኔና ወንድሜ ትንፋሻችንን ያዝን። እማዬ ምንም ሳታመነታ ነረተቻት።

«እማዬ!» አልን እኩል።

«ምነው? በጠብ መሃል መነጽር ትጠርጋለች እንዴ? ሞኝ ናት!»

ሶፋው ላይ ተደፍቼ ሳቅኩ። ወንድሜም ከት ብሎ ሳቀ፤ እማዬ ግን ግራ ገብቷት አንዴ እሱን አንዴ እኔን ታያለች። ሳቃችን ሲበርድ ወደ ስክሪኑ ዞረችና «ግን ምን ልታደርግ ኖሯል?» አለች። ያ አመሌ ከየት እንደመጣ ያን ጊዜ ገባኝ።

«ጠብቂና እዪያ» አላት ወንድሜ።

ጆይስቲኩን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ጠበቀች። መነጽሩ ወለቀ፣ ተጠረገ፣ ተመለሰ። ኩርኩሙ አረፈ። አሮጊቷ ጎንበስ ብላ ኮሌታውን አቃናች፣ ቁልፉን ቆለፈች። እማዬ አልሳቀችም። ስክሪኑን እያየች ቆየች። የአሮጊቷ እጆች ኮሌታ ሲይዙ ጫፉን በአውራ ጣታቸው ወደ ውስጥ እጥፍ የሚያደርጉት ነገር አለ፤ ልብስ ሰፊ ብቻ ነው እንዲህ የሚያደርገው። እማዬ የራሷን እጆች ጭኗ ላይ ገልብጣ አየቻቸው።

ከዚያ ዓይኗን ጨፈነች። መነጽሯን አወለቀች። ሃ! ብላ ተነፈሰችበትና በቀሚሷ ጫፍ መጀመሪያ አንዱን፣ ቀጥሎ ሌላውን ጠረገች። ጠርጋ ከጨረሰች በኋላም ዓይኗን በእጇ ጀርባ አበሰች። ሁለታችንም አልተንቀሳቀስንም። የሳሎኑ በር ክፍት ነበር።

መነጽሯን አድርጋ ወደ ወንድሜ ዞረች። ያ ትልቅ ሰው፣ ጢሙን የሚላጨው ወንድሜ፣ ግንባሩን አቅርቦ ጎንበስ አለና ጠበቀ።